የሙያ ምክር፦ አታላይዋን ለመጫወት የጎንደር አነጋገሬን ልተው?

«የአዘዞዋ» ብለሽ ለጻፍሽልኝ፣

ደብዳቤሽን ያላነበቡ እንዲከተሉን ጭብጡን ላስቀድም። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሥራ ፍለጋ ላይ ነሽ። በተማሪነትሽ ከድራማ ክበቡ መድረክ ጠፍተሽ አታውቂም። አሁን አዲስ አበባ ለሚቀረጽ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ተወዳድረሽ የመጀመሪያውን ዙር አልፈሻል። ድራማው ስለ ማታለል ነው፤ የታጨሽላት ገጸ ባሕርይ የቦሌ ባለጸጋ ልጅ ነኝ እያለች፣ ሰው አምኖ ቤቱ ካስገባት በኋላ ገንዘቡን ይዛ የምትሰወር ወጣት ናት። አዘጋጁ ችሎታሽን ካደነቀ በኋላ «አፍሽ ላይ ያለው ጎንደር አስቸገረን፤ በአንድ ወር ውስጥ አስተካክለሽ ነይ፤ ካልሆነ የቤት ሠራተኛዋን ሚና እንሰጥሻለን» ብሎሻል። አባትሽ የባንክ ፈተና እንድትፈተኚ ይፈልጋሉ፤ የታናሽ ወንድምሽን የግል ኮሌጅ ክፍያም ከአንቺ ይጠብቃሉ። እናትሽ ሌባ ሆነሽ በቴሌቪዥን መታየትሽ አስፈርቷቸዋል። አንድ «ወኪል ነኝ» ባይም የመመዝገቢያ ገንዘብ ጠይቆሻል።

ጥያቄሽ ብዙ ነው። እኔን ያስቆመኝ ግን በመሀል ጣል ያደረግሽው አንድ ነገር ነው፦ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ቤት ውስጥም በአዲስ አበባ አነጋገር ብቻ እንደምታወሪና እናትሽ «ምን ሆነሻል?» ብለው እንደጠየቁሽ የጻፍሽው።

ይህን ዛሬውኑ አቁሚ። እናትን በተውሶ ድምፅ ማናገር ልምምድ አይባልም። ተዋናይ የሚለማመድበት ሰዓት አለው፤ ሰዓቱ ሲያበቃ ወደ ራሱ አፍ ይመለሳል። መመለሻው ከጠፋበት አንዱን ጥሎ ሌላውን አነሣ እንጂ ምንም አልጨመረም። በዚህ ሙያ ደግሞ አንድ አፍ ብቻ ያለው ሰው፣ ያ አፍ የአዲስ አበባም ቢሆን፣ ግማሽ ተዋናይ ነው።

አዘጋጁ በከፊል ልክ ነው። የቦሌ ልጅ ነኝ ብላ ሰው የምታሳምን ሴት እንደ ቦሌ ልጅ መናገር መቻል አለባት። ይህን ካልቻልሽ ሚናው የአንቺ አይደለም፤ አልሸፋፍንልሽም። የተሳሳተው የጎንደርን አነጋገር ታክሞ እንደሚድን መንተባተብ መቁጠሩ ላይ ነው። እሱ ብቻውንም አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማችንን ከቆረቆሩ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ መናገሻው እዚህ ነበር። በዚያ ዘመን ደጅ ሊጠና የመጣ የሸዋ ወይም የላስታ ሰው የማንን ለዛ ለመያዝ ይጥር እንደነበር መገመት አያቅትም። ኋላ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ማተሚያ ቤቱም፣ ሬዲዮውም፣ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥኑም እዚያው ተተከሉ፤ ጨዋ የሚባለው አማርኛም አብሮ ከተመ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምርም የኢስታንቡሉ ነጋዴ፣ የገጠሩ ገበሬ፣ እናቱም ጠላቱም በአብዛኛው በአንድ የአዲስ አበባ አፍ ነበር የሚናገሩት። (የቋራው ቴዎድሮስ መድረክ ላይ በቋራ ለዛ ሲፎክሩ የሰማ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። እኔ አልገጠመኝም።)

እስካሁን ያልኩት እንኳ ሊታለፍ ይችላል፤ ለሁሉ የሚገባ አንድ የጋራ አነጋገር ቢኖር ማንንም አይጎዳም። እኔን የሚያበግነኝ ድራማዎቻችን ሌላውን አነጋገር የት እንደሚያስቀምጡት ነው። ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ፍቅረኞቹና ባለሀብቱ የአዲስ አበባን አፍ ይይዛሉ። ዘበኛው፣ ሠራተኛዋና ለሣቅ የገባው ባላገር «የገጠር» ይናገራሉ። ያም «የገጠር» የሚባለው የየትኛውም ገጠር አይደለም። ከወሎ «ተዚህ፣ ተዚያ» የሚለውን ይወስዳሉ፤ ከጎጃም አንድ ሁለት ቃል ይጨምራሉ፤ መጨረሻውን ከጎንደር መስሏቸው ይጎትቱታል። ደምቢያ ብትሄጂ፣ ደባርቅ ብትሄጂ፣ መንዝ ብትሄጂ እንዲህ የሚናገር ሰው አታገኚም። ጆሮ የሌለው ጸሐፊ የሠራው፣ ጆሮ የሌለው አዘጋጅ ያጸደቀው አነጋገር ነው። ለዓመታት ጠዋት እያስተማርኩ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ድራማ የሠራሁ ሰው ነኝና ይህ ነገር ያመኛል። ሬዲዮ ላይ ፊትም ልብስም የለሽም፤ ሰውየው ከየት እንደመጣና ማንን እንደሚፈራ አድማጩ የሚያውቀው ከድምፁ ብቻ ነው። ቴሌቪዥን ሥዕል ስላለው ይህን ሥራ የተገላገለ ይመስለዋል።

ወደ አንቺ ሚና ልመለስ። ትልቁ ነገር እዚህ ያለ ይመስለኛል።

የተሰጠሽ ሰው የቦሌ ልጅ አይደለችም። የቦሌ ልጅ ነኝ የምትል ሴት ናት። ስለዚህ የአንቺ ሥራ የአዲስ አበባን አነጋገር መናገር ብቻ ሳይሆን፣ አነጋገሩን ተምራ የያዘችን፣ እንዳያመልጣት የምትጠብቅን፣ ቢያመልጣት የምትጠፋን ሰው መጫወት ነው። ድርሰቱ ልጅቷ ከየት እንደመጣች አይናገርም ብለሻል። እንግዲያው ጎንደር ብትሆንስ? የአዘጋጁን «ችግር» ወደ ገጸ ባሕርይዋ ምሥጢር ልትቀይሪው ትችያለሽ።

ሐሰትና አነጋገር ከጥንት ጀምሮ ጠላቶች ናቸው። በሊቀ ካህናቱ ግቢ ጴጥሮስን አስቢው። አላውቀውም እያለ ይምላል፤ ቃሉ ይክዳል፤ የገሊላ አነጋገሩ ግን ይመሰክርበታል። በዚያ የቆሙት ሰዎች ከእነርሱ ወገን ነህ ያሉት በአነጋገሩ ለይተውት ነው። ከእነዚያ ሰዎች በፊት ደግሞ መጀመሪያ ያወቀችው ማን ነበረች? አንዲት ገረድ። ይህቺን ገረድ ያዥልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከሩቅ አገርም ልጥቀስልሽ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1941 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእንግሊዙ ቢቢሲ ዊልፍሬድ ፒክልስ የተባለ፣ ከሰሜን እንግሊዝ የዮርክሸር ሰው አገር አቀፍ ዜና እንዲያነብ አደረገ። ከምክንያቶቹ አንዱ ጀርመኖች የቢቢሲን ዜና አንባቢ መስለው እንዳያሰራጩ ማስቸገር ነበር፤ የለንደኑን የተማረ ሰው አነጋገር መኮረጅ ሲቀል፣ የሰሜኑን መኮረጅ ከባድ ነው ተብሎ ታሰበ። ብዙ አድማጭ ግን ቅር አለው፤ ዜናው በዚያ አፍ ሲነበብ እምነት የሚጣልበት አልመስል አላቸው። ለእውነት መጠበቂያ የተመረጠውን ድምፅ የአገሩ ሰው ራሱ ተጠራጠረው ማለት ነው። አዘጋጁ አንቺ ላይ ያደረገውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ለአንቺ ሚና የሚቀርበው ግን ማቲው ሪስ ነው። ይህ ተዋናይ ዌልስ ውስጥ በካርዲፍ የተወለደ፣ ዌልስኛ እየተናገረ ያደገ ሰው ነው። ከ2013 እስከ 2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታየው «ዘ አሜሪካንስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ የሶቪየት ሰላይ ሆኖ ተጫወተ፤ ሰላዩ ደግሞ ከዋሽንግተን አጠገብ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖር ተራ አሜሪካዊ መስሎ ይኖራል። የዌልስ ሰው ሩሲያዊ ሆነ፤ ሩሲያዊው አሜሪካዊ ሆነ፤ አሜሪካዊው ደግሞ በየክፍሉ ሌላ ስም፣ ሌላ ጸጉር፣ ሌላ ሥራ እየያዘ ሌሎችን ያታልላል። በ2018 በድራማ ዘርፍ የዋና ተዋናይ ኤሚ ሽልማት የተሰጠው በዚህ ሚና ነው። ካርዲፍን ከአፉ አጥፍቶ አይደለም ይህን የሠራው፤ ከካሜራ ውጭ ሲናገር ብትሰሚው ዌልሱ እንዳለ ነው።

አሁን ሥራው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች አንዲት ሴት ምረጪ፤ ከቴሌቪዥን አይሁን። የአክስትሽ ልጅ ትሆናለች። የገጠማትን ነገር ስትተርክልሽ በስልክሽ ቅጂ። መጀመሪያ ቃላቱን ተዪና የት እንደምትተነፍስ፣ ዐረፍተ ነገሩን የት እንደምትጥለው፣ ምን ላይ እንደምትፈጥን ስሚ። አንቺ «አይቸ መጥቸ» ስትይ እርሷ «አይቼ መጥቼ» ትላለች፤ አንቺ «እንደት» ስትይ እርሷ «እንዴት» ትላለች። ይህ ቀላሉ ነው፤ በጥቂት ቀን ይያዛል። የሚከብደው ሰላምታው ነው። እኛ ሰላም ስንባባል ቤተ ዘመዱን ሁሉ ጠይቀን ነው የምንላቀቀው፤ እርሷ ግን ገና እየመለስሽላት ወደ ጉዳይዋ ትገባለች። አታላይዋን ሰላምታ ላይ ሊይዟት ይችላሉ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ መብዛቱ ነው። የቦሌን ልጅ የሚኮርጅ ሰው ከቦሌ ልጅ ይበልጥ ቦሌ ይሆናል፤ እንግሊዝኛውን ይደረድራል፤ አፉን ያሞጠሙጣል። እውነተኛዋ ልጅ ቦሌነቷን ማንም ስለማይጠይቃት አታስመሰክርም። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጥቂት ብታበዢው ጥሩ ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ ገና እየተማረች ነውና። እየቆየች ስትለምደው ቀንሺው። ውሸቷ እየተዋጣ መሄዱን ተመልካቹ ማንም ሳይነግረው በጆሮው ይረዳዋል።

ከዚያ ማምለጡን አዘጋጂ። የትም ቦታ አይደለም የሚያመልጣት። ገንዘብ በልቧ ስትቆጥር ድምፅ ካወጣች ያመልጣታል። በድንገት ስትደነግጥ ያመልጣታል። ስትምል ያመልጣታል። እኔ አዘጋጅ ብሆን ግን የምጠብቀው ቦታ ሌላ ነው፦ አምነው ቤታቸው ያስገቧት ጡረተኛው አዛውንት ዘንድ። ክፍሎቹን ሁሉ «እርስዎ» እያለች ስታታልላቸው ቆይታ፣ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሲወድቁ ሮጣ ታነሣቸዋለች፤ «አንቱ! ተጎዱ እንዴ?» ትላለች። በቃ። የቦሌ ልጅ ለሽማግሌ «አንቱ» አትልም። አያቷን «አንቱ» እያለ ያደገው አፍ፣ ከልቧ ስታዝን ቀድሟት ወጣ። እኛ ጎንደር ተቀምጠን የምናይ ሰዎች ከሶፋችን ብድግ እንላለን፤ ሌላው ተመልካች ገና አልነቃም። ሽማግሌው ራሳቸው አልሰሙም ይሆናል።

የሰማችው ማን ናት? የቤት ሠራተኛዋ። ገረዲቱን ያዥልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ «አንቱ»ን የምታውቅ ሌላ ሰው እርሷ ብቻ ናት።

ስለዚህ ለሁለተኛው ዙር ሁለት ንባብ ይዘሽ ሂጂ። አንደኛው ጥርት ያለ የአዲስ አበባ ይሁን፤ አዘጋጁ የጠየቀውን መሥራት እንደምትችዪ መጀመሪያ አሳዪው፤ ሳታሳዪው ሐሳብ ብታቀርቢ ሰበብ ይመስለዋል። ከዚያ ፍቀድልኝና ሁለተኛውን ልሞክር በዪው። እምቢ ካለ አትከራከሪ፤ ድራማው የእሱ ነው። የሠራተኛዋን ሚና ከሰጠሽ ግን ሦስት ጥያቄ ጠይቂ፦ ስም አላት ወይ? በታሪኩ ውስጥ የምትፈልገው ነገር አለ ወይ? አነጋገሯ የጎንደር ነው ወይስ ያ የትም የማይነገረው ነው? ስም ካላትና የምትፈልገው ነገር ካላት ተቀበዪው፤ አታላይዋን የምትይዘው እርሷ እንድትሆን ሐሳብ አቅርቢለት። ለሣቅ ብቻ ከገባችና የአያትሽን አፍ አጣመሽ ሰው እንድታስቂበት ከጠየቀሽ ግን ጥለሽው ነይ። ገንዘቡን ብትፈልጊውም ነይ። አንዴ በዚያ የታወቀች ተዋናይ ከዚያ ሌላ ሚና ሲሰጣት አላየሁም።

የቀረውን በአጭር በአጭሩ ልበል።

«ወኪሉ» ሌባ ነው። ሚና ለመስጠት ከተዋናይ ገንዘብ የሚቀበል ምልመላ የለም። የአታላይ ሚና ለማግኘት ብለሽ እንዳትታለዪ።

እናትሽ አይሳሳቱም፤ ክፉ ሰው የተጫወተ ተዋናይ በእኛ አገር መንገድ ላይ ይሰደባል። ሥራው ሲሳካ የሚመጣ ነው፤ ይለመዳል።

አባትሽ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ማለታቸውን ጽፈሻል። ይህን ቃል እንደ ስድብ ከጎንደር ሰው አፍ መስማት ያሳፍራል፤ ከመሰንቆው ጋር የከተማችን ስም የተጠራበትን ቦታ ቢቆጥሩት ያፍሩ ነበር። የወንድምሽ ክፍያም የአንቺ ዕዳ አይደለም። እርሳቸው ቃል ከገቡለት እርሳቸው ይክፈሉ፤ ገና ደመወዝ ባልያዘች ልጅ ላይ አስቀድሞ ወጪ መመደብ ደግ አባትንም አያስመሰግንም። ትረጂው ከሆነ በፈቃድሽ፣ በአቅምሽ ልክ፣ ከተቀጠርሽ በኋላ ይሁን።

ስለ ባንኩ ግን ከአባትሽ ጋር ነኝ፤ ምክንያታችን ይለያይ እንጂ። እርሳቸው ድራማውን እንድትተዪ ነው የሚፈልጉት። እኔ የምፈልገው ድራማውን ደፍረሽ እንድትሠሪ ነው። የወር ደመወዝ ያለው ተዋናይ አዘጋጁን «ይህን ሚና አልሠራም» ማለት ይችላል፤ የቤት ኪራይ ያለበት ሥራ ፈት ተዋናይ የሰጡትን ሁሉ ይሠራል። የተከታታይ ድራማ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ በክፍል ነው፤ ድራማው ሲቋረጥም ክፍያው ይቋረጣል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ስንት ክፍል እንደሆነ፣ ገንዘቡ በቀረጻ ወይስ በሥርጭት ቀን እንደሚከፈል፣ ልብሱን ማን እንደሚያመጣ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሆነው ጉዞሽ ማን እንደሚከፍል ይጻፍበት። የመንገዱን ነገር አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በአውሮፕላን መመላለስ ካለብሽ ክፍያው ቲኬቱን ይሸፍን እንደሆነ አስቀድመሽ አስዪው፤ የሒሳብ ምሩቅ ነሽ። ባንኩ ጎንደር ከመደበሽ ደግሞ እዚሁ ያሉትን የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ደጅ ጥኚ። ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው እዚያ አይተርፋቸውም፤ ቅዳሜና እሑድ ይበቃሻል፤ ካሜራ ሳይኖር ሰው ማሳመንን የምትማሪበት ቦታ ነው።

የባንኩ ፈተናና የአዘጋጁ ሁለተኛ ዙር በአንድ ሳምንት መዋላቸው እንዳስጨነቀሽም ጽፈሻል። ቀኑ ከተጋጨ ለአዘጋጁ ደውዪና በማግስቱ እንዲያይሽ ጠይቂው። ዋና ሚና ሊሰጥሽ ያሰበ ሰው አንድ ቀን አይነፍግሽም። ባንኩ ግን ለአንድ ሰው ብሎ ፈተና አያዘዋውርም።